ከበሮ መቺው ማሽን፣ ባንዱ አንድ ሰው፦ የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ካሴት ሲፈታ

መገናኛ ጋ መንገዱ ተዘግቶ ቆመናል። ስልኬን ከመኪናው ስፒከር ጋር አገናኝቼ «ሸሞንሟናዬ»ን ለቅቄዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ ትንሽ ሰማና «ይሄን ደግሞ ማን ሠራው? ከአዲሶቹ ልጆች ነው?» አለኝ። «ኧረ የ1985 ሥራ ነው» አልኩት። «በ1985 እኮ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አልሰማሁም» ብሎ ሊከራከረኝ ተነሳ። «በፈረንጅ ነው የምልህ» ስለው ዝም አለ። በኛ 1977 ገደማ መሆኑ ነው። እሱ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳንጋጭ።

ካሴቱ የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነው። ስለ እሳቸው ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው የታክሲው ታሪክ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር፣ አንድ ፈረንጅ ካሴታቸውን ባሕር ዳር አገኘ፣ ከዚያ ዓለም አወቃቸው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ እኔም ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ችግሩ ታሪኩ ሙዚቃውን ጋረደው። ያ ድምፅ እንዴት እንደተሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ደስ ይላል፣ ናፍቆት ናፍቆት ይላል» ብሎ ያልፋል። ናፍቆቱን ለጊዜው እናስቀምጠውና ብሎኑን እንፍታ።

ከስሙ እንጀምር። ካሴቱ «ኃይሉ መርጊያ እና ክላሲካል ኢንስትሩመንቱ» ይላል። ፈረንጅ ይህን ሲያነብ ሞዛርትና ቤትሆቨን ይመጡበታል። ከዚያ ሲከፍተው የሪትም ማሽን ቱክ ቱክ ሲል ግራ ይገባዋል። እኛ ዘንድ ግን ክላሲካል ሌላ ነገር ነው። ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው። ከዜና በፊት የሚለቀቀው፣ ሬስቶራንት ውስጥ ከሰው ወሬ ሥር የሚሰማው፣ የሬዲዮ ትረካ ሲያልቅ የሚገባው ሁሉ፣ በክራርም ይሁን በሳክስፎን፣ «እስቲ ክላሲካል ልቀቅልን» ተብሎ የሚጠየቅ ነው። ስለዚህ ለአበሻ ገዢ የካሴቱ ስም ቁልጭ ያለ መረጃ ነበር። ዘፈን የለበትም፣ ዜማ ነው።

ዘፈን የለበትም ሲባል ግን ግጥም የለበትም ማለት አይደለም። ዜማዎቹ አብዛኞቹ ሕዝብ የሚያውቃቸው የቆዩ ዜማዎች ናቸው። «ላሎዬ» አለ፣ «ሽለላ» አለ። አኮርዲዮኑ ዜማውን ሲጀምር ግጥሙን ጭንቅላታችን ይሞላዋል። ያ «አልሰማሁም» ያለኝ ወዳጄ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ፈረንጅ አድማጭ ይህን ካሴት ሲሰማ መሣሪያ ብቻ ይሰማል። እኛ ዘፋኙ ለሻይ የወጣበት ዘፈን ነው የምንሰማው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ካሴቱ ባዶ ባዶ እያለም የማይሰለቸው በዚህ ይመስለኛል፤ አንዱን መስመር ሰሚው ራሱ ይይዘዋል።

ሰውየው ከየት መጡ? ባጭሩ እንሂድበት። ጋሽ ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ አኮርዲዮን ያዙ። በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ላይ ነበሩ። ዋልያስ የሂልተን ሆቴል ባንድ ነበር። የደርግ ጊዜ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ። እላፊው ከገባ በኋላ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እዚያው ሲጨፍር ያነጋል። ባንዱም አብሮ ያነጋል። አንድን ዘፈን ሌሊቱን ሙሉ ማስረዘም፣ አንድ ሐረግ ላይ መሽከርከር፣ ሰው ሲደክመው ማለሳለስ፣ ሲነቃ መጨመር፣ ይህ ሁሉ እዚያ የተገኘ እጅ ነው። ለሆቴሉ እንግዳ የአሜሪካን ሶልና ጃዝ ይጫወታሉ፤ እንደ ጂሚ ስሚዝ ያሉ ኦርጋን ተጫዋቾችን በጆሯቸው ይዘዋል። ለአበሻው ደግሞ የሀገሩን።

በ1977 (አሁንም በፈረንጅ) «ቼ በለው» የሚለውን ሸክላ አወጡ። አሳታሚው ካይፋ ነው፣ ሁላችንም በአሊ ታንጎ የምናውቀው ቤት። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ይዘው ገብተውበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው የግርማ በየነ ሥራ የሚገኘውም እዚያው ላይ ነው። ሸክላው ዘፋኝ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ሙሉ ሸክላ ያለ ዘፋኝ ማውጣት ድፍረት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሳንሱር የሚያየው ግጥምን ስለነበር፣ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ብዙ የሚጠየቀው ነገር የለውም።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካን ሊጎበኝ ሄደ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው።

ዋሽንግተን ያኔም ቢሆን አበሻ የሌለበት ከተማ አልነበረም። አዳምስ ሞርጋን ሠፈር ውስጥ ምግብ ቤቶች ተከፍተዋል፣ ማታ ማታ ሙዚቃ አለ። ግን ባንድ ማቆም ሌላ ነገር ነው። ሆቴሉ ደመወዝ የሚከፍለው፣ ጠዋት ልምምድ ማታ ሥራ የሚል፣ ስምንት ዘጠኝ ሰው የያዘ ባንድ ስደት ላይ አይገኝም። አንዱ ፈረቃ አለው፣ አንዱ ትምህርት ገብቷል፣ አንዱ ሌላ ስቴት ሄዷል። በ1985 ጋሽ ኃይሉ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው ብቻቸውን ቀረጹ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንቴሳይዘር፣ የሪትም ማሽን። ሁሉንም የሚነካው አንድ ሰው ነው።

አንድ ሰው እንዴት ባንድ ይሆናል? ነገሩ እንደ ድርብ ነጠላ ነው፤ ሽፋን በሽፋን ይደረባል። የመቅጃው ክር ጎን ለጎን ብዙ መስመር አለው። በአንዱ መስመር ላይ ሪትሙን ትቀዳለህ። ከዚያ ክሩን ወደ ኋላ መልሰህ፣ ሪትሙን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማህ፣ በሁለተኛው መስመር ላይ ባስ የሚሆነውን ትጫወታለህ። እንደገና መልሰህ ሦስተኛውን። ዛሬ ይህን ማንም በላፕቶፕ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ይሠራዋል። ያኔ ግን ስትሳሳት የምትመልሰው ክሩን ነው። የበላዩ ነገር ደግሞ ከታች የተቀዳውን አይቀይረውም። ታች ያለው ኃይሉ በላይ ያለውን ኃይሉ አይሰማውም። እውነተኛ ባንድ ውስጥ ባሲስቱ ኪቦርዲስቱን አይቶ ይስቃል፣ ይከተለዋል፣ ያስቸግረዋል። እዚህ ወሬው የአንድ ወገን ነው። በጥሞና ካዳመጣችሁ ይሰማል፤ ከታች ያለው ነገር ምንም ሳይለው ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ዜማው ብቻውን ከላዩ ይመላለሳል።

ወደ ማሽኑ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያማው እሱን ነው። «ሙዚቃችንን ኪቦርድ ገደለው» የሚለውን ወቀሳ ሁላችንም ሰምተናል። ሠርግ ላይ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር መጥቶ የትንፋሽ መሣሪያውንም ከበሮውንም ባሱንም በአንድ ቁልፍ ሲለቀው ያየ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ግን ማሽን ሁሉ አንድ አይደለም፣ አጠቃቀሙም እንደዚያው።

የሪትም ማሽን ከበሮ የሚመታው በሳጥን ነው። እንቁላል የሚደረደርበትን ካርቶን አስቡ። ብዙዎቹ ማሽኖች 16 ጉድጓድ አላቸው፣ በአራት በአራት የተከፈለ። ማሽኑ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ፣ እንቁላል ያለበት ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ይመታል፣ ባዶው ላይ ዝም ይላል፣ መጨረሻው ሲደርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለዲስኮ፣ ለሬጌ፣ ለሮክ ይህ ይበቃል። የኛ ችክችካ ግን በአራት አይከፈልም።

እዚያው የተቀመጣችሁበት ሞክሩት። ከአንድ እስከ ስድስት እኩል እኩል ቁጠሩ፣ ሳታቆሙ። በቀኝ እጃችሁ አንድ ላይና አራት ላይ ጠረጴዛውን ምቱ። ይህ እግራችሁ ነው። አሁን በግራ እጃችሁ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ላይ ምቱ። ይህ ትከሻችሁ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጉ መጀመሪያ ትጋጫላችሁ፣ ከዚያ ድንገት እጃችሁ ላይ እስክስታ ይነሳል። ሁለትና ሦስት በአንድ ስድስት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ለዚህ 16 ጉድጓድ አይመችም፤ 12 ነው የሚፈለገው። ፋብሪካው በአራት ያሰበውን ማሽን በሦስት እንዲያስብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሌላ ችግር ይመጣል። ሰው ከበሮ ሲመታ ያተኩሳል። ጨፋሪው ሲሞቅ ከበሮ መቺውም ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል። ማሽኑ ግን ቤቱ ቢቃጠልም አይፈጥንም። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ነው የሚያየው። እኔ ካሴቱን ስሰማ የሚገርመኝ ግን ጋሽ ኃይሉ ጉድለቱን ለመደበቅ አለመሞከራቸው ነው። ከበሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አኮርዲዮኑ ከሱ ትንሽ ይዘገያል፣ ትንሽ ይቀድማል፣ ይደገፍበታል። ምሰሶው ስለማይንቀሳቀስ ነው በምሰሶው ዙሪያ መዞር የሚቻለው።

አኮርዲዮንና ሲንቴሳይዘር አንድ ላይ ሲባል ለብዙ ሰው አያት እና የልጅ ልጅ ይመስለዋል። አንዱ በእንጨትና በታጠፈ ካርቶን የተሠራ፣ ሌላው በሽቦ። ስትፈቱዋቸው ግን ወንድማማቾች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

አኮርዲዮን ውስጥ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ። እጅ ሲዘረጋና ሲሰበስብ አየሩ በምላሱ በኩል ያልፋል፣ ምላሱ ይርገበገባል፣ ድምፅ ይወጣል። በብዙ አኮርዲዮኖች ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ የሚነሳው አንድ ምላስ ብቻ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሆን ተብሎ ከሌላው በጣት ጫፍ ያህል ከፍ ተደርጎ የተቃኘ። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይስማሙ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይወፍራል። ቤተክርስቲያን ውስጥ ወይም ለቅሶ ቤት ብዙ ሰው አንድ ዜማ ሲያዜም ልክ እንደዚያ ነው። ማንም በትክክል ማንንም አይመስልም፣ ለዚህም ነው የሚያምረው።

ሙግ ሲንቴሳይዘርን አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በ1960ዎቹ ነው የሠራው። ምላስ የለውም፤ በምላስ ፋንታ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያመነጭ ነገር አለው። አንዱ ብቻውን ሲሆን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ወባ እንደያዘው ትንኝ። ስለዚህ ሁለተኛውን ትከፍቱና ከመጀመሪያው ትንሽ ፈቀቅ ታደርጉታላችሁ። ወዲያው ይወፍራል። አኮርዲዮኑ የሚያደርገውን ነው ያደረገው፣ ያለ አየር። የአኮርዲዮን ተጫዋች ደግሞ ድምፁን የሚያሳድገውና የሚያሳንሰው በክንዱ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ድምፁ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ባንዴ ሲገፋው ይጮኻል። ሙግ ላይ ይህንኑ የሚሠሩ ማዞሪያዎች አሉ፦ ድምፁ በስንት ጊዜ ይግባ፣ እንዴት ይቆይ፣ እንዴት ይጥፋ። ከልጅነቱ ጀምሮ በክንዱ ድምፅ ሲያስተነፍስ የኖረ ሰው እነዚህን ማዞሪያዎች ለመረዳት መጽሐፍ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ላይ ግን ይለያያሉ። መሲንቆ ላይ ጣት ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሳባል። አኮርዲዮን መሳብ አይችልም። ቁልፉ የተቆረጠ ነው፣ ወይ ይሄ ወይ ያ። የኛ አኮርዲዮን ተጫዋቾች ለዚህ የፈለሰፉት መላ ዋናውን ድምፅ ከመንካታቸው በፊት ጎረቤቱን ቶሎ ቶሎ መኮርኮር ነው፤ ጆሮ እንደተሳበ ያስባል። ብዙ ሙግ ላይ ደግሞ በግራ እጅ የሚገፋ ጎማ መሳይ አለ፣ ድምፁን እውነትም የሚስብ። ብቻ ልብ በሉ፣ ማሽኑ ከአኮርዲዮኑ ይልቅ ለመሲንቆ ይቀርባል።

መሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው። ዋሽንትም አንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው። ታዋቂዎቹ የድሮ ሙጎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ቁልፍ ባንዴ ብትጫኑ አንዱን ብቻ ይመርጣሉ። አውሮፓዊ ፒያኒስት ይህ ያናድደዋል፣ እሱ አሥር ጣቱን ይፈልጋል። በአንድ ክር ዜማ ላደገ ጆሮ ግን እጥረት አይደለም። ቤቱ ነው።

ሮድስ ትንሽ ሌላ ነው። ፒያኖ ይመስላል፤ ቁልፉን ስትጫኑ ትንሽ መዶሻ ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፣ የዘንጉን ንዝረት እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔት ይይዘዋል። ቀስ ብለው ሲነኩት ደወል ነው፣ ሲያጠብቁት ያጉረመርማል። ካሴቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ሆኖ ጥቂት ድምፆች ጣል ጣል ያደርጋል፣ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደሚያስተካክል ሰው።

ለምን ጥቂት? እዚህ ጋ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚንቀሳቀስባቸው የተመረጡ ድምፆች፣ ይመጣል። ትዝታን በሜጀሩ ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስት ድምፅ። የፈረንጅ ኮርድ፣ አብረው የሚነኩት ድምፆች፣ የሚሠራው አንዱን ይዞ ቀጣዩን እየዘለለ ሦስት በመደርደር ነው። በሰባት ድምፅ ይህ ሰባት ኮርድ ይሰጣል። በትዝታ ድምፆች ብቻ ግን ሙሉ ሆነው የሚቆሙት ሁለት ናቸው፤ ዶ ሚ ሶል እና ላ ዶ ሚ። ሌላ ኮርድ ከፈለጋችሁ ከቅኝቱ ውጪ ድምፅ መበደር ግድ ነው። መበደር ኃጢአት አይደለም፣ የወርቃማው ዘመን ባንዶች ሁሉ በደንብ ተበድረዋል፣ በትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጩኸት ውስጥ ብድሩ አይታወቅም። ብቻህን ሆነህ፣ ሦስት አራት መሣሪያ ብቻ ይዘህ ስትበደር ግን ወዲያው ይታያል፤ ዜማው የሌላ አገር ልብስ የለበሰ ይመስላል። ጋሽ ኃይሉ ቁጠባውን መረጡ። ባሱ አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማል፣ ኮርዱ ሲያስፈልግ ብቻ ይነካል፣ መሃሉ ክፍት ይቀራል። ይህን ካሴት ዛሬም አዲስ የሚያስመስለው ክፍት የተተወው መሃል ነው። የዘመኑ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚፈልገው እሱኑ ነውና፦ የሚደጋገም ከታች፣ ባዶ መሃል፣ ከላይ አንድ ዜማ።

በነገራችን ላይ በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ባሱን አልሰማችሁም። ማዳመጫ አድርጉ።

ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ጊዜው አለፈ። ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ከዙላ ባንድ ጋር ተጫወቱ፣ ከዚያ መድረኩ ቀረ። ደለስ አየር ማረፊያ አካባቢ ታክሲ መንዳት ያዙ። ኪቦርዳቸው የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር፤ ተሳፋሪ አድርሰው ወረፋ ሲጠብቁ አውጥተው መኪናው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ይህን ክፍል ጋዜጠኞች በጣም ይወዱታል፣ እንደ ተረት ያወሩታል። እኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ብቻቸውን፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ባንድ ሳይኖር መጫወት አልተውም። በ1985 ስቱዲዮ ውስጥ ያደረጉትን ነው መኪና ውስጥ ያደረጉት።

ከዚያ «ግኝቱ» መጣ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚል ስም የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ ያሰማ የነበረ፣ ኋላም ማሳተም የጀመረ። ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ይህን ካሴት ገዛ። ወደደው። ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ስልክ ደወለላቸው። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፣ ትርፉም ከአርቲስቱ ጋር እኩል የሚካፈሉት ሆነ። እዚህ ላይ ምስጋናውን ማንም አይነፍገውም። በብዙ የአፍሪካ ሙዚቃ ላይ ከደረሰው ዝርፊያ አንጻር ደውሎ መጠየቅና እኩል መካፈል ትልቅ ነገር ነው።

«ተገኘ» የሚለው ቃል ግን አይዋጥልኝም። ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ዋጋ ተቆርጦለት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ካሴት ጠፍቶ ነበር አይባልም። ባለሱቁ ያውቀዋል። ገዢው ያውቀዋል። ያጣነው እኛው ነን ካላችሁ ግን እስማማለሁ፤ ክላሲካል ብለን ከወሬ ሥር አስቀመጥነው፣ ከዜና በፊት ለቀቅነው፣ ማን እንደሚጫወተው አልጠየቅንም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስ የሚል ነው። ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ» ወጣ። እዚህ ላይ ማሽኑ ሄዷል። ከሳቸው ጋር ሁለት አውስትራሊያውያን አሉ፤ ቶኒ በክ ከበሮ ላይ፣ ማይክ ማይኮቭስኪ ቤዝ ላይ። የአልበሙ መዝጊያ ግን «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው፣ ፒያኖና ሰውየው ብቻ። በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» መጣ። የአስናቀች ወርቁም የቴዲ አፍሮም ዜማ አለበት። «ሸመንደፈር»ን ያለ ቴዲ ድምፅ ስሙት፤ ቅድም ያልኳችሁ ነገር ይደገማል፣ ግጥሙን እናንተው ትይዙታላችሁ።

በዚህ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ የያዘ ትውልድ መጣ። ሚካኤል ሰይፉ እና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው ሙዚቀኛ (የራሱ ስም እንደገና ሙሉ ነው) ሥራቸውን ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ብለው ጠሩት። ዋሽንግተን ያለ 1432 አር የሚባል ትንሽ አሳታሚ ሥራዎቻቸውን አወጣ። የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 ወጣ። ሮፍናን በ2018 በ«ነጸብራቅ» ነገሩን ወደ ስታዲየም ሕዝብ ወሰደው። ከጋሽ ኃይሉ ተማሩ ማለቴ አይደለም። የሚፈቱት እንቆቅልሽ ግን አንድ ነው፤ በአራት የሚያስብ ማሽን ላይ በሦስት የሚያስብ ትከሻ እንዴት ይጫናል? አንዳንዶቹ ማሽኑን ያሸንፋሉ። አንዳንዶቹ ይሸነፉና ችክችካው ከዲስኮ በታች ታፍኖ ይቀራል። የሽለላ ናሙና ቆርጦ ክለብ ምት ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ ለጣፊው ሲበዛ አይቻለሁ።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ከ1985ቱ «ሸሞንሟናዬ»ን፣ ከ2018ቱ ደግሞ አኮርዲዮን ያለበትን አንዱን አከታትላችሁ ስሙ። ሐረጉ መጨረሻ አካባቢ ጋሽ ኃይሉ ድምፁን ሲያዘገዩት ጆሯችሁን ከበሮው ላይ አድርጉ። በአዲሱ ላይ ቶኒ በክ ሰምቷቸዋል፣ አብሮ ይለዝባል፣ ሲመለሱም ይቀበላቸዋል። በድሮው ላይ ማሽኑ ቱክ ቱክ እያለ ይሄዳል። አኮርዲዮኑ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ ሮጥ ሮጥ ብሎ ይደርስበታል።